ኩባያው የሚያገኘው ሙቀት፦ በጋራ ወርክሾፕ የሰብሊሜሽን ህትመት አጀማመር

በምረቃ ሰሞን የተመራቂ ፎቶግራፍ የታተመበት ኩባያ በአዲስ አበባ የተለመደ ስጦታ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ምስሉ በልዩ ወረቀት ይታተማል፣ ወረቀቱ በኩባያው ላይ ይጠቀለላል፣ በፕሬስ ይሞቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች በሚጋሩት መሣሪያ የሚሠራ ጀማሪ ከሌላ ሰው የተቀበለውን «180 ዲግሪ፣ 3 ደቂቃ» ዓይነት ቁጥር ይዞ ሲሞክር ውጤቱ አንድ ቀን ደማቅ፣ በማግስቱ ፈዛዛ ይሆንበታል። የታተመ ኩባያ ደግሞ ተፍቆ እንደገና አይሠራም። የልዩነቱ ዋና ምንጭ ቁጥሩ የሚገልጸው የፕሬሱን እንጂ የኩባያውን ሙቀት አለመሆኑ ነው።

በዚህ ዘዴ የሚያገለግሉት ዲስፐርስ የሚባሉ የፖሊስተር ጨርቅ ማቅለሚያዎች ናቸው። ሲሞቁ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝነት ይለወጣሉ። በኩባያው ላይ የተቀባው ፖሊመር በዚያው ሙቀት ስለሚለሰልስ ጋዙ ወደ ውስጡ ይዘልቃል፤ ሲቀዘቅዝም ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ሴራሚኩ ራሱ ቀለም አይቀበልም፤ ልባስ በሌለው ተራ ኩባያ ላይ የታተመ ምስል በእጥበት የሚለቀው ለዚህ ነው። ነጭ ቀለምም የለም፤ በምስሉ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው የኩባያው የራሱ ንጣት ነው።

የፕሬሱ መለኪያ የሚያነበው የማሞቂያውን ንጣፍ ነው። ወፍራሙ ሴራሚክ ግን ሙቀቱን እየሳበ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የገባው ኩባያና ፕሬሱ በቅጡ ከሞቀ በኋላ የገባው አራተኛው በአንድ ቁጥር አንድ ዓይነት ሙቀት አያገኙም። የኤሌክትሪክ መዋዠቅም ይጨመርበታል፤ የተራ ማሞቂያ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን ከ220 ወደ 200 ቮልት መውረድ ኃይሉን በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። አንዳንዱ ፕሬስ ደቂቃ መቁጠር የሚጀምረው እንደተዘጋ፣ ሌላው የታዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የሁለቱ «3 ደቂቃ» ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ቁጥር ከመዋስ ይልቅ መፈተኛ ምስል ማዘጋጀት ይሻላል። ጥቁር፣ ግራጫና ቀጭን ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ምልክት በኩባያው አፍ አጠገብ፣ በመሃል፣ በታችና ከእጀታው ግራና ቀኝ ተደጋግሞ ይታተማል። ሁሉም እኩል ከፈዘዙ ሙቀቱ ወይም ጊዜው አንሷል። ጥቁሩ ወደ ቡናማ ካደላና የጽሑፉ ጠርዝ ከተንዛዛ በዝቷል። በአፍና በታች ብቻ ከፈዘዘ ግን ጊዜ መጨመር መሃሉን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም፤ የጎደለው የግፊት እኩልነት ስለሆነ የፕሬሱ ማጥበቂያና የኩባያው ቅርጽ ይመረመራሉ። ጽሑፉ ጥላ ካበጀ ወረቀቱ ተንሸራቷል፤ ሙቀት በሚችል ፕላስተር በደንብ መወጠር ነበረበት። ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ሙቀቱ ሳይነካ ጊዜው በ20 ሰከንድ ይጨመራል። ሦስት ወይም አራት ኩባያ ይፈጃል፤ የደንበኛ ሥራ ከማበላሸት ግን ይረክሳል።

ፕሪንተሩ ቀለሙን በሙቀት ሳይሆን በፒዬዞ ንዝረት የሚረጭ መሆን ይኖርበታል። በጋራ ወርክሾፕ ሳምንታት ሳይሠራ ሊቆም ስለሚችል ከሥራ በፊት የመርጫ ቀዳዳዎቹ መደፈን አለመደፈናቸው ይታያል። ምስሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ፣ በወረቀቱ ልባስ ባለው ገጽ ላይ ይታተማል። በወረቀቱ ላይ ደብዝዞ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ቀለሙ የሚደምቀው ከሙቀት በኋላ ነው። በክረምት ግን ወረቀቱ እርጥበት ስለሚስብ በታሸገ ከረጢት ካልተቀመጠ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ያመጣል።

ፕሬሱ አጠገብ የሚቀመጥ ደብተር የኩባያውን ዓይነት፣ የወረቀቱን፣ የታዘዘውን ሙቀትና ጊዜ፣ እንዲሁም ኩባያው በዕለቱ ስንተኛ እንደሆነ ይይዛል። የመጨረሻው ዓምድ ከንቱ ዝርዝር ይመስላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተጠቃሚ የቀደመውን ቁጥር ማመን የሚችለው ግን እርሱን ሲያነብ ነው። መስኮት መከፈቱና ጓንት መደረጉም እዚያው ገጽ ራስጌ ላይ ቢጻፍ ይበጃል፤ ፕሬሱ ሲከፈት ጭስ ይወጣል፣ እጀታውም ያቃጥላል።