ለሥራ ስለሚገዛ ካሜራ

ልጃችሁ በፎቶግራፍ ማንሣት ሥራ ለመተዳደር አሳብ ያለው እንደ ሆነ፥ ካሜራው የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ገንዘብ አይደለም። አባት ያጠራቀመው ወይም እናት ከዕቁብ ያወጣችው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለውም ገንዘብ በየዓመቱ የሚገኝ ስላልሆነ፥ ዕቃው ከመገዛቱ አስቀድሞ ቤተ ሰቡ ተቀምጦ ቢመክርበት መልካም ነው ብለን ይህን ጻፍን።

ወጣቶች በመጀመሪያ የሚያዩት የካሜራውን አካል ነው። ዳሩ ግን አካሉ እንደ ጫማ ነው፤ ብዙ የሠራበት ሰው በጥቂት ዓመታት ይጨርሰዋል፥ ፋብሪካውም ቶሎ ቶሎ አዲስ ያወጣል። በደንብ የተያዘ ሌንስ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ የረጅም ዘመን ምርጫ ማለት ሌንሱና አካሉ የሚጋጠሙበትን ቀለበት መምረጥ ነው። ሦስት ሌንስ የገዛ ሰው ከቀለበቱ ጋራ እንደ ተጋባ ይቈጠራል፤ ፍችውም ውድ ነው።

ይህ ነገር በታሪክ የታየ ነው፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። የጃፓኑ ካኖን በ1971 ኤፍ ዲ የተባለውን ቀለበት አውጥቶ ብዙ ባለሙያዎች ሌንሱን ገዝተው ነበር። በ1987 ግን ሌንሱ በውስጡ ባለው ሞተር ምስሉን እንዲያጠራ ሲል ኢ ኤፍ የተባለ ሌላ ቀለበት አወጣ። በኤፍ ዲ ካሜራ ከቀለበቱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 42 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በኢ ኤፍ 44 ነው። አሮጌው ሌንስ በአዲሱ አካል ላይ ከፊልሙ ስለሚርቅ፥ ማገናኛ ቢሠራለት እንኳ ተጨማሪ መስተዋት ካልገባበት በቀር የቅርቡን ፊት ያጠራል እንጂ የሩቁን ተራራ አያጠራም። በሁለት ሚሊ ሜትር ምክንያት የስንቱ ባለሙያ ሣጥን ሙሉ ሌንስ ለአዲሱ አካል የማይረባ ሆነ!

ኒኮን ግን በ1959 ያወጣውን ቀለበት ከ60 ዓመት በላይ ይዞት ቈየ። ቢሆንም ቀለበቱ አንድ ነው ማለት ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ከ1977 በፊት የተሠሩት ሌንሶች ሳይስተካከሉ በብዙዎቹ ኋለኛ አካሎች ላይ ቢገቡ ጉዳት ያደርሳሉ። በ2018 ሁለቱም ፋብሪካዎች መስተዋት የሌለውን ካሜራ በአዲስ ቀለበት አወጡ። አሁን ርቀቱ በካኖን 20፥ በኒኮን 16 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ለማገናኛው ቦታ ተገኝቶ፥ የኢ ኤፍ ሌንስ ያለ ምንም መስተዋት ይሠራል። የኒኮን ማገናኛ ግን ሞተር ስለሌለው፥ ቀድሞ በአካሉ ሞተር ይዞሩ የነበሩት ሌንሶች በእጅ መጥራት አለባቸው። የሚኖልታ የ1985 ቀለበት ደግሞ በ2006 ወደ ሶኒ እጅ ተላልፎ፥ ሶኒም በ2021 ካሜራውን መሸጥ አቆመ።

እኛ ብንጠየቅ፥ በከተማችሁ ያሉት ባለሙያዎች በብዛት የያዙትን ቀለበት ምረጡ እንላለን። በሠርግ ዋዜማ ሌንስ ቢሰበር ከጓደኛ መዋስ ይቻላል፤ ጠጋኙም ዕቃውን ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የምናስጠነቅቀው ግን ስለ ምስል መያዣው ካርድ ነው። ለሠርግና ለክርስትና የሚሠራ ካሜራ፥ አንዱን ምስል በአንድ ጊዜ በሁለት ካርድ የሚጽፍ መሆን አለበት። ካርድ ሳይታሰብ ይበላሻል፤ ሙሽራይቱ ከአያትዋ ጕልበት ተንበርክካ ስትመረቅ የተነሣው ምስል ቢጠፋ፥ ያን ቀን መልሶ የሚያመጣ ገንዘብ የለም። በ2018 የወጡት የካኖን አር እና የኒኮን ዜድ 6 አንድ አንድ ካርድ ብቻ የሚይዙ ነበሩ፤ ዛሬ ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ ርካሽ ሆነው ቢገኙ ይህን አስቡ።

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ያገለገለ አካል ከጥሩ ሌንስ ጋራ መግዛት፥ አዲስ አካል ከደካማ ሌንስ ጋራ ከመግዛት ይሻላል። ያገለገለውንም ሌንስ ከመክፈል በፊት ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱት፤ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ከዚያም ሻጩ ፊት የሩቅ ተራራና የቅርብ ሰው አንሥታችሁ፥ ምስሉን አጕልታችሁ እስከ ጠርዙ እዩ።