የጥሬ ሥጋ አያያዝና ደኅንነት በወለጋ ከተሞች

ጥሬ ሥጋ (በአፋን ኦሮሞ፦ ፎን ዼዺ) ሳይበስል የሚበላ የበሬ ሥጋ ነው። በምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ በነቀምቴ፣ እንዲሁም በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ በሥጋ ቤትና በበዓል ገበታ ይቀርባል። በቁርጥ፣ በጎረድ ጎረድ ወይም በክትፎ መልክ ተዘጋጅቶ በአዋዜ፣ በሚጥሚጣ ወይም በሰናፍጭ ይበላል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የታወቀ በሽታ የኮሶ ትል ነው። በሥጋው ውስጥ ያለውን የትሉን እጭ በእርግጠኝነት የሚገድሉት በቂ ሙቀት ወይም በቂ ቅዝቃዜ ናቸው።

የኮሶ ትል አመጣጥ

የከብት ኮሶ ትል (ቴኒያ ሳጂናታ) በሰውና በከብት መካከል እየተዘዋወረ ይኖራል። ያደገው ትል በሰው አንጀት ውስጥ ሲቆይ፣ እንቁላል የያዙት ቁራጮቹ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ሣሩ ይበከላል። ከብት ያንን ሣር ሲግጥ እጩ ወደ ጡንቻው ገብቶ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነጭ ከረጢት ይሠራል። ሰው ይህን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉ ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ውስጥ ያድጋል፤ ርዝመቱ ብዙ ሜትር ይደርሳል፣ ለዓመታትም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መከላከያው የሚጀምረው ከመጸዳጃ ቤት ነው።

ቅመምና ሎሚ

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ ወይም አረቄ ትሉን ይገድላል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። በፔሩ የታወቀው ሴቪቼ የተባለው ምግብ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ጥሬ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በሎሚ ጭማቂ ሲዘፈዘፍ ነጥቶና ጠንከር ብሎ የበሰለ ይመስላል፤ ነገር ግን አሲዱ ጥገኛ ትሎችንና ባክቴሪያዎችን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ላዩ ቢሞቅ ውስጡ ጥሬ ነው።

ምርመራና ቅርጫ

በቄራ የሥጋ መርማሪው የመንጋጋ ጡንቻን፣ ምላስን፣ ልብንና የወርች ሥጋን እየሰነጠቀ እጩን ይፈልጋል። ምርመራው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ጥቂት እጭ ያለበት ሥጋ ሊያመልጥ ይችላል።

በበዓል ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ በመግዛት በግቢ ያርዱና በቅርጫ ይከፋፈላሉ። በዚህ መንገድ የታረደ ሥጋ ብዙውን ጊዜ በመርማሪ አይታይም። በሬውን በቄራ ማሳረድ ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ክፍተቱን ይሞላል። የታመመ ወይም ሞቶ የተገኘ ከብት ሥጋ ግን ፈጽሞ አይበላም፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ከብቱን መግፈፍም አደገኛ ነው።

በቤት ውስጥ አያያዝ

* ማቆያ፦ ሥጋው ከ2 ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የለበትም። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች ይቀመጣል፤ የተከተፈ ሥጋ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ መበላት አለበት።
* ማቀዝቀዝ፦ ሥጋው እስከ መሐሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 10 ቀን ሲቆይ እጩ ይሞታል። በፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ የበረዶ ክፍል ሁልጊዜ ይህን ያህል አትቀዘቅዝም። መብራት ጠፍቶ ሥጋው ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።
* ማብሰል፦ ማቀዝቀዝ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን አያጠፋም። የተከተፈ ሥጋ እስከ ውስጡ 71 ዲግሪ ሲደርስ ግን ባክቴሪያውም እጩም ይሞታል።
* ንጽሕና፦ ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ ከመዋላቸው በፊት በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠባሉ።

ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ጥሬ ሥጋ እንዳይበሉ ይመከራል። ለነፍሰ ጡሮች አንዱ ምክንያት ጽንሱን የሚጎዳው ቶክሶፕላዝማ ነው።

ሕክምና

ዋናው ምልክት ነጫጭና ጠፍጣፋ የትል ቁራጮች በዓይነ ምድር ወይም በውስጥ ልብስ ላይ መታየታቸው ነው። የሆድ ቁርጠትና ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል። ቀደም ሲል መድኃኒቱ ከኮሶ ዛፍ (በአፋን ኦሮሞ፦ ሄጦ) አበባ ይዘጋጅ ነበር፤ የበሽታውም ስም ከዛፉ ጋር አንድ ነው። ሆኖም መጠኑ ሲበዛ ይመርዛል። ዛሬ በጤና ተቋማት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይሰጣል። የታመመው ሰው መታከሙ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሣሩና ከብቱ እንደገና እንዳይበከሉም ይጠቅማል።