ባዶ ካሴት ሁሉ አንድ አይደለም

ቁስቋም ባለው ቤታችን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ካሴቶች ነበሩ። ሁለቱም በ1978 ዓ.ም. በእናቴ ታላቅ እህት ሠርግ ላይ፣ በአንድ ቴፕ የተቀዱ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ የሴቶቹ ዘፈንና ከበሮ ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በሁለተኛው ላይ ደግሞ እኔ በዓይኔ ያላየኋቸው ወንድ አያቴ ሙሽሮቹን ይመርቃሉ፤ ይመርቁ ነበር ማለት ይሻላል። ባለፈው ክረምት ስናጫውተው ክሩ ቴፑ ውስጥ ተጠመጠመና ተበጣጠሰ።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ፊሊፕስ ነው። ክሩ ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን፣ በአንድ ገጹ ላይ ማግኔት የሚይዝ ደቃቅ ዱቄት ተቀብቷል። ስንቀዳ የቴፑ ሄድ በዱቄቱ ላይ የድምፁን ማግኔታዊ ምልክት ይተዋል፤ ስናጫውት ያንኑ ያነበዋል። የክሩ ወርድ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሰከንድም የሚሄደው 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ጥቂት ዱቄት ብዙ ድምፅ መሸከም አለበት። ዱቄቱ ሻካራ ከሆነ «ሽሽሽ» የሚለው ይጎላል፤ የመሲንቆው ቀጭን ድምፅ ይደበዝዛል።

የተለመደው ካሴት ዱቄቱ የብረት ኦክሳይድ ነው። ክሮም የሚባለው ሽሽታው ያነሰ ነው። ሜታል የሚባለው ከሁሉም ይበልጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ሆኖም ቴፑ ለእነዚህ የሚሆን ማስተካከያ ከሌለው ውዱን መግዛት ትርፉ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ። ባለ 60ው ካሴት 86 ሜትር ያህል ክር ሲይዝ፣ ባለ 120ው 171 ሜትር ያህል ይይዛል። ቀፎው ግን እኩል ነው! ስለዚህ የ120ው ክር የግድ ይሳሳል፤ ይኸውም ከ18 ወደ 9 ማይክሮን ገደማ ይወርዳል። ስስ ክር ይለጠጣል፣ ይጠመጠማል፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥም የአንዱ ዙር ድምፅ ወደሚቀጥለው ዙር ሊያልፍ ይችላል። አጎቴ ለምርቃቱ የገዛው «ብዙ ይይዛል» ብሎ ባለ 120ውን ነበር። ዘፈኑ ግን ባለ 60ው ላይ ነው የተቀዳው።

በደህና የተያዘ ካሴት ብዙ ዘመን ይኖራል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የተጫወተበትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። የኃይሉም ሙዚቃ በዚህ ምክንያት ለአዲስ አድማጭ ደረሰ።

እኛ ሠልጣኞች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች እንስበር፤ ያን ጊዜ ማንም ተሳስቶ በላዩ አይቀዳበትም።

ሁለተኛ፣ ከማጫወታችን በፊት የቴፑን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ እንጥረግ፤ የላላውንም ክር በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለን እናጠንጥን።

ሦስተኛ፣ ከፀሐይና ከስፒከር አናስጠጋው፤ በስፒከር ውስጥ ማግኔት አለና።

አራተኛውና ዋናው፣ ሲጫወት ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ እንገልብጠው። ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጠን ይችላል። እኛም የአያቴን ምርቃት በመጀመሪያው ማጫወት ላይ ገልብጠነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሰማው ነበር።