ሞተሬ ለምን ሸራ ለብሳ ቆመች

ፌርፋክስ ላይ የምታውቁኝ ሰዎች ሞተሬ ከምግብ ቤታችን ጀርባ ሸራ ለብሳ መቆሟን አይታችሁ «ሸጥካት እንዴ?» ስትሉኝ ከርማችኋል። አንዳንዱማ ለባለቤቴ «እሰይ፣ እግዜር ገላገለሽ» ብሏታል። አልሸጥኳትም። ታሪኩን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቡና እየቀዳሁ ስደግም ድምፄ ሊዘጋ ስለሆነ አንዴ ጽፌ ልገላገለው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሽንኩርት ነው። ምግብ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሆንም፣ ሽንኩርት ደግሞ የሚመጣው በ50 ፓውንድ ጆንያ ነው፤ ወደ 23 ኪሎ ማለት ነው። የጤፍ ዱቄቱ አለ፣ የዘይቱ ካርቶን አለ፣ የሊጡ ባልዲ አለ። ስንት ዓመት ስሸከም ኖሬ አንድ ቀን ከብሽሽቴ በላይ እንቁላል የምታክል ነገር ብቅ አለች። ስጋደም ትገባለች፣ ስቆም ትወጣለች። ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል፤ አገር ቤት ቡአ የምንለው ነው። የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ ስብ ወይም አንጀት በቀዳዳው ይወጣል።

ሁለት ዓመት ደበቅሁት። ለምን ብትሉኝ፣ አፍሬ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ቡአ ያለበት ሰው መሳቂያ ነበር። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሲራመዱ ከኋላ እየሄድን አካሄዳቸውን እንቀዳ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለካ ከአራት ወንድ አንዱን ያህል በዕድሜው የሚገጥመው ነገር ኖሯል። ወንዶች፣ ካለባችሁ አትደብቁት። የወጣው አልገባም ብሎ ከደረቀ፣ ሕመሙ ከበረታና ማስመለስ ከጀመራችሁ ነገ እሄዳለሁ የሚባልበት አይደለም፤ ያኔውኑ 911 ነው።

ኦፕራሲዮኑ በካሜራ ነው የተሠራልኝ። ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ ከውስጥ ቀዳዳውን የሚደግፍ መረብ፣ አለቀ። ጠዋት ገብቼ ማታ ቤቴ እራቴን በላሁ። ያዋረደኝ ወረቀቱ ነው። ከ10 ፓውንድ በላይ አታንሳ ይላል። አንድ ጋሎን ወተት ብቻውን 8 ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወተቱን ማንሳት ይፈቀድልኛል፣ ከወተቱ ጋር ዳቦና እንቁላል ከጨመርኩ ጥፋት ነው። ሽንት ቤት አታምጥ ይላል። ስለ ሞተር ግን ምንም አይልም ነበር። እኔው ነኝ «ሞተርስ?» ብዬ የጠየቅሁት። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝና ከታች በእጁ ጻፈበት፦ ሞተር ሳይክል፣ ስድስት ሳምንት፣ አይቻልም። ባልጠይቅ ኖሮ ባልጻፈው ነበር እያልኩ ስቆጭ ከረምኩ። ይህ ጊዜ ከሐኪም ሐኪም፣ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የናንተን የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ባለቤቴ አራስ አደረገችኝ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ጠያቂ በር ላይ። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ አታምጥ ይላል፤ እሷ ተልባ በጥብጣ መፍትሔ አገኘችለት። (ልጆች፣ ሳቁ ግዴለም።) በሁለተኛው ሳምንት ግን ደህና ሆንኩ። ጠባሳው ጥርት አለ፣ ሕመሙ ጠፋ። ያኔ ነው የሞተሬ ቁልፍ ከተሰቀለበት ቦታ የጠፋው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ደበቀችው። «ዶክተሩ ስድስት ነው ያለው፣ አባዬ፤ ሁለት ነው የሆነው» ብላ በጣቷ ቆጠረችልኝ። በርበሬ ጣሳ ውስጥ ይሆናል ብዬ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ፈለግሁ። ቁልፉ አልነበረም። ሰባት ጊዜ ግን አስነጠሰኝ። ሆዱን ተሠርቶ ያስነጠሰ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ትራስ አቅፋችሁ ጫን አድርጉበት፣ እሱ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያባባሰው አበበ ቢቂላ ነው። እንደ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶቻችን እኛም ግድግዳ ላይ ፎቶው አለን። ከሰዓት በኋላ የማይቀሩ፣ በደጉ ጊዜ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ወደ ግድግዳው ጠቆሙ፦

«አንተ ሰው፣ ይሄ እኮ ሆዱን ተቀዶ በወሩ ቶኪዮ ላይ ሮጧል! አንተ ሞተር ላይ መቀመጥ አቃተህ?»

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ አበበ ትርፍ አንጀቱን ተሠራ። የማራቶኑ ቀን ኦክቶበር 21 ነበር፤ አምስት ሳምንት ብቻ። ያኔ ደግሞ እንደ ዛሬው በካሜራ አይደለም፣ ሆድ ተከፍቶ ነው። ሄደ፣ ሮጠ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛው ሰው የጨረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ አበበ ሳር ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሳ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የኢትዮጵያ ወንድ አለ? እኔ አልሆንኩም።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እሑድ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት በኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ባሕሩ ወርጄ፣ የባሕሩን ዳር ይዤ እስከ ማሊቡ መሄድ የዓመታት ልማዴ ነው። በሳምንት ውስጥ ስልክ የማይጠራኝ፣ «ክትፎው ዘገየ» የማይለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ያ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እንጂ ለፍጥነት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ምን ፍጥነት አለ። ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ትርፍ ቁልፍ ነበረኝ፤ ልጄ ያንን አታውቅም።

ሸራውን ገፈፍኩ። ሞተሬ ሆንዳ ሻዶው 750 ናት፣ ከ500 ፓውንድ በላይ ትመዝናለች። እግሬን አዙሬ ተቀመጥኩ፣ እስከዚህ ደህና። ከማቆሚያ እግሯ ላይ ቀና ላደርጋት ስገፋ ከውስጥ የሆነ ነገር ጭምድድ አደረገኝ። ሕመም ብቻ አይደለም፣ ድንጋጤም ነው። እግሬን ሳበብኝ፣ እሷ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ለሰከንድ ያህል ክብደቷ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ነበር። ሞተር የነዳችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ሰው በዚያች ሰከንድ አያስብም፣ እንዳትወድቅ ይታገላል። እኔን ምን እንዳሰበልኝ አላውቅም፣ የልጄ ጣቶች ናቸው መሰለኝ። ለቀቅኋት። እየዘለልኩ ሸሸሁ፣ እሷ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋር ተላትማ ወደቀች። የቀኙ ስፖኪዮ ረገፈ፣ የፊት ፍሬኑ ማንሻ ተሰበረ። ድምፁን ሰምቶ ሰሃን የሚያጥበው ልጅ ሮጦ ወጣ። እሱ ነው ከአንድ መንገደኛ ጋር ያነሳት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ሆዴን ይዤ ቆሜ ነበር፤ እንዳታነሳት ያለኝ የለም፣ እኔም አልሞከርኩ።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተመስገን፣ መረቡ ቦታው ላይ ነው። ዶክተሩን በአበበ ልሞግተው ስልኬን አውጥቼ የቶኪዮውን ፊልም አሳየሁት። ደስ ብሎት እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ «ይህ ሰው የተሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው» አለኝ። «ሲያመው መቆም ይችላል። አንተ ሞተር ላይ ስትሆን ጊዜውን የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ ፊትህ ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ነው።» ያኔ ፍሬን ስትይዝ፣ በሁለት እጅህ መሪውን ስትጨብጥ፣ አንድ እግርህን ስትተክል የሆድ ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጠራል። ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ ሕጉ በመኪኖች መሀል ሾልኮ መሄድን የሚፈቅድባት አገር ናት፤ እዚያ መሀል ሆኖ ሆዴን አመመኝ ብሎ መቆም የለም።

ስለ ጠባሳውም ነገረኝ። ከላይ ያለው ቆዳ ሰውን ያታልላል። በሦስተኛው ሳምንት ቁስል የቀድሞ ጥንካሬውን ሩብ እንኳ አያገኝም፤ ሰማንያ በመቶ ለመድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታል። ሕመሙ ግን በሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሌላው ማስታገሻው ነው። ከበድ ያለውን ኪኒን ወስዶ ሞተርም ሆነ መኪና መንዳት፣ ሐኪም ያዘዘው ቢሆንም እንኳ፣ ንቃትን ከቀነሰ እዚህ አገር እንደ ሰካራም ያስከስሳል።

ለጋሼ መልስ ይዤ ተመለስኩ። በቶኪዮ ከመጡብኝ እኔ በሜክሲኮ መጣሁባቸው። በ1968 አበበ እግሩን ታሞ ነው የጀመረው፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። ያ አሥራ ሰባተኛ ኪሎ ሜትርም የአበበ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ግን የለም። ጋሼ ዝም ብለው ማኪያቷቸውን ጨረሱ፣ ከዚያ «በወራቱ ነው መኪናው የተገለበጠችው» አሉ። አዎ፣ ማርች 1969፣ ቮልስዋገኑ። ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሄደ፣ እዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ተምሮ በ1970 ተወዳደረ። ያረፈው በ1973 በ41 ዓመቱ ነው። የዚያን ቀን ልጄ ጠረጴዛው ስር የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ «አበበ ዊልቸር ነበረው?» ብላ ብቅ አለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፎቶው ስር ስታድግ አንድም ሰው አልነገራትም። እኔም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከዓመታት በፊት አንዲት ወጥ ሠሪያችን የሐሞት ከረጢቷን ተሠርታ በስምንተኛው ቀን ወጥ ቤት ተገኘች። ጎበዝ ብለን አጨበጨብንላት። ድስት አነሳች። ለምን መጣሽ ያላት የለም፤ ኪራይ አለባት። እኔ አሠሪዋ ሆኜ ከደሞዟ በየጊዜው «ኤስ.ዲ.አይ» ተብሎ የሚቆረጠው ገንዘብ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለዚሁ ኖሯል። በካሊፎርኒያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ በሆነ ምክንያት ታሞ ወይም ተሠርቶ ከሥራ ሲቀር፣ ሐኪሙ ከፈረመለት፣ ከሰባት ቀን መጠበቂያ በኋላ ከደሞዙ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያህል ኢ.ዲ.ዲ ከሚባለው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ያገኛል። ማመልከቻው ከሥራ በቀረ በ49 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ አያግድም። ይህን የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ለሠራተኛ መስጠት ደግሞ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የራሱን ሥራ የሚሠራ እንደኔ ያለው ግን አስቀድሞ በፈቃዱ ካልተመዘገበ አያገኝም። እኔ አልተመዘገብኩም ነበር፤ እነዚህን ሳምንታት የበላነው ከቁጠባችን ነው።

አሁን አምስተኛው ሳምንት አልቋል። መራመድ ተፈቅዶልኛል፣ እንዲያውም ታዝዟል። ጠዋት ጠዋት ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ በእግሬ ወርጄ እመለሳለሁ። መንገዳችን በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ሲባል እዚሁ ነበርኩ፤ ሁሌ በሞተር ስለማልፍ ግን ሱቆቹ ጠዋት በር ላይ ውሃ ሲረጩ፣ ቡና ሲቆላ፣ ከስንት በር እንደሚሸት አላውቅም ነበር። ሽንኩርቱን አሁን በትንሽ ከረጢት ነው የምናዘው፤ ትንሽ ይወደዳል።

አዲስ የፍሬን ማንሻና ስፖኪዮ ገዝቻለሁ፣ አልተገጠሙም። ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ አሁንም አላውቅም፤ ትርፉንም ከእሑዱ ጉድ በኋላ ወስዳብኛለች። ልጄ የዶክተሩን ፊርማ በዓይኗ ካላየች አልሰጥም ብላለች። ሸራው ላይ ደግሞ አንዲት የመንገድ ድመት መተኛት ጀምራለች፤ ስምም ወጥቶላታል፣ ሻዶው ተብላለች።