ያውቁ ኖሯል? ሁለት ስርዓተ ክወና፣ አንድ ሰዓት
ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ፣ ከሊኑክስ ወጥተው ዊንዶውስ ሲከፍቱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ቢያገኙት የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል ብለው አይፍረዱ። ባትሪ ሲሞትማ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል እንጂ ልክ 3 ሰዓት ቆጥሮ አይሳሳትም። ነገሩ የአመዘጋገብ ልዩነት ነው፤ ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ ግን ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት የምትቀድመውን ዓለም አቀፍ ሰዓት። (ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚነሳው የእኛ አቆጣጠር እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።) ኢንተርኔት ያስተካክለው የለም ወይ ቢባል፣ ያስተካክላል፤ ስርዓቱን በቀየሩ ቁጥር ግን ስሕተቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሊኑክስም የአገሩን ሰዓት እንዲጽፍ ማዘዝ ይሻላል። ሰዓት በየወቅቱ በሚቀየርባቸው አገሮች ይህ ያምታታል፤ ኢትዮጵያ ግን ሰዓቷን አትቀይርም።