ልጆቻችን ከጎጆው ምን ይማራሉ?

ዛሬ የምጽፈው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በሚገኘው የቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ላላችሁ ወላጆች፣ በተለይም ልጆቻችሁ ከትምህርት ገበታ ርቀው ለሚውሉባችሁ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እቤታቸው የሚማሩ ልጆችን ጠርተው የሕንጻ ሥራን የሚያስተምሩ ሙዚየሞች አሉ። ልጆቹ በእጃቸው እየገጣጠሙ ሕንጻው ለምን እንደቆመ፣ ለምን እንደወደቀ ይጠይቃሉ። እኛ ጋ ሙዚየም ባይኖርም የምናድርበት ጎጆ ያንኑ ትምህርት ይሰጣል። እንዲህ ሞክሩት።

1. የጎጆውን ክብ ይሳሉ። መሬት ላይ ካስማ ምቱና 2 ሜትር ገመድ እሰሩበት። ልጁ ገመዱን ወጥሮ ይዙር። ከዚያ ዙሪያውን በገመድ ይለካ፤ 12 ሜትር ተኩል ገደማ ያገኛል። የወለሉ ስፋት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ነው። ዙሪያው የስፋቱ ሦስት እጥፍና ጥቂት መሆኑን በእጁ ያየ ልጅ አይረሳውም።

2. ለምን ክብ እንደሆነ ጠይቋቸው። 12 ሜትር ግድግዳ በአራት ማዕዘን ቢሠራ 3 በ3 ሆኖ 9 ካሬ ሜትር ወለል ይወጣዋል። ያው ግድግዳ ክብ ቢሆን ወደ 11 ተኩል ይደርሳል። እንጨት በሚቸግርበት አገር ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ነፋስም ክብ ግድግዳን ታክኮ ያልፋል። ካምፑ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ክረምቱ ሳይገባ የመጣው ማዕበል ስንቱን ድንኳን እንደቀደደ የነበርን ሁሉ እናውቃለን።

3. ጭቃ ያቡኩ። አንዱን ያለ ጭድ፣ ሌላውን በጭድ አቡክተው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭዱ ምርጉን አያይዞ ስንጥቁን እንደሚቀንሰው ራሳቸው ያያሉ። ወለል ለምን ከፍ እንደሚደረግ፣ በጎጆው ዙሪያ ቦይ ለምን እንደሚቆፈርም ከዚሁ ይገባቸዋል።

4. ትንሽ ጎጆ ይሥሩ። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ክዳን፤ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ያቁሙ። ሲጨርሱ ውሃ ያፍስሱበት። ክዳኑ ዘቅዘቅ ካላለ ያፈሳል።

ስልክ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ፎቶ አሳዩአቸው። አንዱ ከሮም በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የመጣውና በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው 24 ሜትር የአክሱም ሐውልት ነው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን በርና መስኮት፣ ከግድግዳ የወጡ የሚመስሉትን ክብ የእንጨት ጫፎች ይፈልጉ፤ የጥንቱ ግንበኛ ድንጋዩን በእንጨት ያስር እንደነበር ያሳያሉ። ሁለተኛው በካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ያሉት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ናቸው። የአስዋን ግድብ ውሃ ሳይውጣቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው እዚያ ተገነቡ። ሙዚየሙ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የሱዳን ጦርነት ወዲህ ተዘርፏል፤ ልጆቻችን ግን ታሪኩን ማወቅ አለባቸው። ተነቅሎ የሄደ ሕንጻ፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ካለ እንደገና ይቆማል።

እናንት ግንበኞችና አናጺዎች፣ ጎጆ ቀልሳችሁ የምታውቁ አባቶች፣ ምርግ የምትመርጉ እናቶች፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለሰፈራችሁ ልጆች ስጡ። ልጆቹ የሠሩትንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፤ እዚሁ ቻናል ላይ እናወጣዋለን።