ሜጋ ላይ የተማርኩት ፊደል

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ነገ በየአገሩ ለምትመደቡት ይቺን ልንገራችሁ።

እንግሊዝኛ ላስተምር ቦረና፣ ሜጋ ከተማ ስገባ ኦሮምኛ አልችልም ነበር። ሜጋ በሞያሌ መንገድ ላይ ናት፤ ከዚያ ኬንያ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። በገዛ አገሬ እንግዳ ሆንኩላችሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን «ሲክስ» «ሲጥ» ብሎ አነበበው። ሳቅሁበት። ልጁ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን አላወጣም።

ኋላ አንድ የአፋን ኦሮሞ መምህር፣ «ወንድሜ፣ ልጁኮ አልተሳሳተም» አለኝ። ቁቤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ቢሆንም ድምፁ ይለያል፦ በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የምንለው በቁቤ «ጥ» ነው፣ «ሲ» «ጭ»፣ «ኪው» ደግሞ «ቅ»። ልጁ ያነበበው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረውን ነው። ያልተማርኩት እኔ ነኝ።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ቁቤን አጠናሁ፤ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራ የቁቤውን፣ በቀኝ የእንግሊዝኛውን ድምፅ እያስነበብኩ ማስተማር ጀመርኩ። ክፍሉ ቶሎ ገባው። ያ ልጅ ግን እጁን እስኪያወጣ አንድ ወር ፈጀበት።

እናንተም ስትመደቡ መጀመሪያ የልጆቹን ፊደል እወቁ። መሳቁ ይቆያል።